የጊታር አምፕሊፋየር የቃና ጠባይና የካርቱም ዘመናዊ ሙዚቃ

ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎች ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ስለ ክራር፣ ስለ ማሲንቆ፣ ስለ ዑድና ስለ ጊታር ብዙ ይባላል። የኤሌክትሪክ ጊታር የሚሰካበት ሣጥን፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ፣ ግን ብዙውን ጊዜ ድምፅ ከማጉላት በቀር ሌላ ሥራ እንደሌለው ዕቃ ተቆጥሮ ይታለፋል። ይህ አስተያየት ትክክል አይደለም። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ አምፕሊፋየሩ ግማሽ መሣሪያ ነው። ቃናው የሚወለደው ከአውታሩ ብቻ ሳይሆን ከቫልቩ፣ ከትራንስፎርመሩና ከስፒከሩ ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የአምፕሊፋየሮችን የቃና ጠባይ እያነጻጸርን፣ ጉዳዩን በጎረቤታችን በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማጉያው ከጊታሩ በፊት

ካርቱም የምትባለው ከተማ በእውነቱ የሦስት ከተሞች ጉባኤ ናት። ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ሥፍራ ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ሰሜን ካርቱም ፊት ለፊት ይተያያሉ። የዘመናዊው ዘፈን መናኸሪያ ግን በተለይ ኦምዱርማን ነበረች። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በዚያ የገነነው፣ በኋላ «ሐቂባ» የሚል ስም የተሰጠው የዘፈን ዓይነት ዋና ዘፋኝ፣ ተቀባዮች፣ ጭብጨባና ሪቅ የሚባለው አነስተኛ ከበሮ ነበሩት። በሠርግ ቤት የተሰበሰበው ሕዝብ ዘፋኙን የሚሰማው በጉሮሮው ብርታት ብቻ ነበር።

በ1940፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የኦምዱርማን ሬዲዮ ሥራውን ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሬዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበረ ስርጭቱ በአደባባይ በተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ይሰማ ነበር። ስለዚህ የኦምዱርማን ሕዝብ ከኤሌክትሪክ ድምፅ ጋር የተዋወቀው ከጊታር አስቀድሞ ነው ማለት ይቻላል። ማይክሮፎን ከመጣ በኋላ ዘፋኙ መጮህ አላስፈለገውም። ለስለስ ያለ ድምፅና ዑድ በአንድነት ሊሰሙ ቻሉ። እንደ ኢብራሂም አልካሺፍ ያሉ ዘፋኞችም ጭብጨባውን ትተው ቫዮሊን ወዳለበት ኦርኬስትራ ተሸጋገሩ። በ1957 በዚሁ ሬዲዮ መዝፈን የጀመረው መሐመድ ዋርዲም በሀገራችን እጅግ የተወደደ ዘፋኝ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሥራው መምህርነት እንደነበረ ለአንባቢዎቻችን ማስታወስ ደስ ይለናል። በትውልድ ሀገሩ በኑብያ የሚታወቀው ጣምቡር የኛው የክራር የቅርብ ዘመድ ነው።

የኤሌክትሪክ ጊታርን የዘፈኑ ማዕከል በማድረግ ስሙ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ሸርሐቢል አሕመድ ነው። በ1935 የተወለደው ይህ ሰው በዑድ ጀምሮ ወደ ጊታር ተሻገረ፤ ከአሜሪካ የመጣውን ሮክ ኤንድ ሮልና ከኮንጎ የመጣውን የጊታር ስልት ከኦምዱርማን ዜማ ጋር አዋሐደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያም «የጃዝ ንጉሥ» የሚል ማዕረግ አገኘ። በሱዳን «ጃዝ» ሲባል የአሜሪካኑን ጃዝ ሳይሆን ጊታር፣ ሳክስፎንና ድራም ያለበትን የውዝዋዜ ሙዚቃ ማለት ነው። ሸርሐቢል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ምሩቅ ሆኖ ለትምህርት ሚኒስቴር የኅትመት ክፍል ሥዕል ይሥል ነበር። «አልሲብያን» በተባለው የልጆች መጽሔት ላይ የሱዳን ተማሪዎች የሚወዱትን «አጎት ቱንጎ» የተባለውን ሥዕል የሣለ እርሱ ነው። ባለቤቱ ዘኪያ አቡልጋሲምም በሱዳን የመጀመሪያዋ ባለሙያ ሴት የጊታር ተጫዋች በመባል ትታወቃለች።

አምፕሊፋየር ምን ይሠራል?

የጊታሩ አውታር በማግኔት አጠገብ ሲርገበገብ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ ይህን ምልክት አበርትቶ ስፒከሩን ያንቀሳቅሳል። ምልክቱ ከመሣሪያው አቅም በታች እስከሆነ ድረስ ቅርጹ ሳይለወጥ ይወጣል፤ ይህ ንጹሕ ድምፅ ይባላል። ከአቅም በላይ ሲሆን ግን የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ በመቆረጡም ቀድሞ ያልነበሩ ደባል ድምፆች ይወለዳሉ። በፊዚክስ ትምህርት ሃርሞኒክ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ቫልቭ ጫፉን ቀስ በቀስ ያዶለዱመዋል፤ ስለዚህ ሻካራነቱ ለጆሮ ይለሰልሳል። ትራንዚስተር ግን እስከ ወሰኑ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይቆርጠዋል፤ ድምፁም ስለታም ይሆናል።

ሻካራ ድምፅ ሁሉ ጉድለት አለመሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በበገናችን አውታርና በማረፊያው መካከል ቁራጭ ቆዳ የሚገባው ድምፁ ነዝሮ እንዲወጣ ተፈልጎ ነው። ቆዳው ቢወጣ በገናው ድምፅ አያጣም፤ ጠባዩን ግን ያጣል።

አራት ጠባዮች

የመጀመሪያው ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሠራው ዓይነት ነው። በተለይ በ1960ዎቹ የተሠሩት የፌንደር አምፕሊፋየሮች ቀጭኑን ድምፅ እንደ ደወል ጥርት አድርገው፣ ወፍራሙን ድምፅ ሰፋ አድርገው፣ መካከለኛውን ዝቅ አድርገው ያሰማሉ። በውስጣቸው ባለው ጥቅልል ሽቦ አማካይነት የሚፈጠረው የገደል ማሚቶ መሰል ድምፅም መታወቂያቸው ነው።

ሁለተኛው በእንግሊዝ በ1959 የወጣው ቮክስ ኤሲ 30 ነው። ኃይሉ 30 ዋት ሲሆን፣ አራት ትናንሽ ቫልቮች ይሠሩበታል። ቀጭኑ ድምፅ ያብረቀርቃል፤ አውታሩ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ግን ፈጥኖ ይሻክራል። ስለዚህ የተጫዋቹን የጣት ልዩነት ከሌሎቹ ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

ሦስተኛው በለንደን የከበሮ ነጋዴ የነበረው ጂም ማርሻል በ1962 ያወጣው ነው። መነሻው የፌንደር ቤዝማን የተባለው አምፕሊፋየር ንድፍ ነበር። ሆኖም በእንግሊዝ ሀገር በሚገኙ ዕቃዎች ስለተሠራና ጀርባው ከተዘጋ ባለ አራት ስፒከር ሣጥን ጋር ስለተያያዘ ልጁ አባቱን አልመሰለም። መካከለኛው ድምፅ ገፍቶ ይወጣል፤ ሻካራነቱም ወፍራምና ቁጡ ነው።

አራተኛው የጃፓኑ ሮላንድ በ1975 ያወጣው ጃዝ ኮረስ ነው። በትራንዚስተር የሚሠራ፣ ሁለት ባለ 60 ዋት ማጉያዎች ያሉት ሲሆን፣ ቢጮኽም ባይጮኽም ንጹሕ ነው። አንዳንዱ ይህን ንጽሕና ይወድለታል፤ ሌላው ደግሞ ብርድ አለበት ይላል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነጥብ እናንሣ። 60 ዋት ከ30 ዋት እጥፍ የሚጮኽ ይመስላል። ዳሩ ግን ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ያህል እንዲሰማ ኃይሉ አሥር ጊዜ ያህል መብዛት ይኖርበታል። ስለዚህ አምፕሊፋየርን በዋት ብቻ መመዘን ሰውን በቁመቱ ብቻ እንደ መመዘን ይቆጠራል።

የሀገሩ ሁኔታ በቃና ላይ

የዕቃው ጠባይ ከሚሠራበት ሀገር ጋር ይያያዛል። በሱዳን የኤሌክትሪክ ኃይል በ230 ቮልትና በ50 ኸርዝ ይሠራል። በእንግሊዝ የተሠራ አምፕሊፋየር በዚህ ኃይል ያለ ችግር ሲሠራ፣ ለአሜሪካ ገበያ በ120 ቮልት ገደማ የተሠራው ግን መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የከተማው ኃይል ሲዳከም የቫልቭ አምፕሊፋየር አቅሙ ቀንሶ ከወትሮው ቀድሞ ይሻክራል። ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚደርሰው ሙቀት ለትራንዚስተሮች ፈተና ሲሆን፣ «ሀቡብ» የተባለው የአቧራ ማዕበል ደግሞ በድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፎች ውስጥ ገብቶ ያንኮሻኩሻል።

ከዚህም የበለጠ የሚወስነው ዜማው ራሱ ነው። የማዕከላዊው ሱዳን ዜማ እንደ ኛ ባለ አምስት ድምፅ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚለውን ስልት የኛ ሰው ሲሰማው ወዲያው ከትዝታ ቅኝት ጋር ያዛምደዋል። የካርቱም ዘፈን በሱዳን ሳይወሰን በአዲስ አበባና በጎንደር የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ዝምድና ነው። አሁን አምፕሊፋየሩ ሲሻክር ጎልተው ከሚወለዱት ደባል ድምፆች አንዱን፣ ማለትም ሦስተኛውን ሃርሞኒክ፣ እንውሰድ። ለዶ ሶልን፣ ለሬ ላን፣ ለሶል ሬን፣ ለላ ሚን ይሰጣል። ከስልቱ የሚወጣው ሚ የሚወልደው ሲ ብቻ ነው። እንግዲህ ከአምስቱ ድምፆች የአራቱ ደባሎች እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ይቀራሉ ማለት ነው። ስለዚህ ጥቂት ሻካራነት ይህን ዜማ አያውከውም። ብዙ ሻካራነት ግን ከቫዮሊኑና ከቦንጎው ጋር የሚነጋገረውን የነጠላ ድምፅ አካሄድ ይሸፍነዋል። በሸርሐቢል ቅጂዎች ውስጥ ጊታሩ ብሩህና ንጹሕ ሆኖ ድምፅ በድምፅ ሲራመድ የሚሰማው ከዚህ ፍላጎት ጋር የሚስማማ ሆኖ ነው።

ዝምታና መዝገብ

የካርቱም የጊታር ዘመን ያለ እንቅፋት አልዘለቀም። በመስከረም 1983 የኒሜሪ መንግሥት የሸሪዓ ሕግ ባወጀ ጊዜ የምሽት ሙዚቃ መድረክ ጠበበ። ከሰኔ 1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ጫናው በረታ፤ ዋርዲን የመሰሉ ዘፋኞች ተሰደዱ። በ1994 ዘፋኙ ኾጃሊ ዑስማን በኦምዱርማን የሙዚቀኞች ክበብ ውስጥ በስለት ተወግቶ ሲሞት፣ ዐብዱልቃድር ሳሊም ቆሰለ።

ሆኖም ድምፁ ፈጽሞ አልጠፋም። በ1980 የወጣው የስኮርፒዮንስና የሰይፍ አቡበከር ሸክላ በ2018፣ የሸርሐቢል ሥራዎች ደግሞ በ2020 በበርሊን እንደገና ታትመው ዓለም ሰማቸው። በሚያዝያ 2023 ጦርነት በፈነዳ ጊዜ ግን የኦምዱርማን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ በፈጣን ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀ፤ ሠራዊቱ ያስመለሰው በመጋቢት 2024 ነው። በእነዚያ ወራት የብዙ ዐሥርት ዓመታት የሱዳን ድምፅ ያለበት መዝገብ ከተኩሱ መካከል ነበር።

ይህ ጉዳይ ለታሪክ አስተማሪ ትልቅ ቁም ነገር አለው። የዘፈን ግጥም በወረቀት ሊተርፍ፣ ዜማው በኖታ ሊጻፍ ይችላል። የ1970 ጊታር በአንድ ቫልቭና በአንድ ስፒከር አልፎ ያወጣው ቃና ግን ከቴፑ ላይ ከጠፋ በወረቀት አይመለስም። ቴፑም ቢሆን እንደ ማንኛውም የታሪክ ምንጭ መመርመር አለበት። የምንሰማው ድምፅ በጊታሩ፣ በአምፕሊፋየሩ፣ በማይክሮፎኑና በመቅጃው አልፎ የመጣ ስለሆነ ከአራቱ የትኛው ቀለሙን እንደሰጠው መጠየቅ ተገቢ ነው።

መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። አንድ ክራር ወይም ጊታር፣ አንድ አጭር ዜማና ሁለት የተለያዩ ማጉያዎች ይበቃሉ። ተማሪዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ይስሙ፤ ከዚያም የቀጭኑን፣ የመካከለኛውንና የወፍራሙን ድምፅ ልዩነት በሠንጠረዥ ይጻፉ። «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም፤ «የት ላይ፣ በምን ምክንያት» ተብሎ ይጠየቅ። ከዚህ ቀጥሎ በየቤታቸው ያሉትን አሮጌ ካሴቶችና ሸክላዎች ዘፋኙን፣ ዓመቱንና የተቀዳበትን ሥፍራ እየመዘገቡ እንዲያመጡ ይደረግ። የጎረቤታችን የድምፅ መዝገብ የገባበትን አደጋ ካየን በኋላ፣ የራሳችንን መመዝገብ ለነገ የምናሳድረው ሥራ ሊሆን አይገባም።