የተረት መጻሕፍት በፍርስራሽ መካከል፦ የዬላ ሌፕማን ጥረትና ሁለት የእንስሳት ታሪኮች

ስለ ጦርነትና ስለ ልጆች ሥነ ጽሑፍ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ጦርነትን ርዕሰ ጉዳያቸው ላደረጉ ድርሰቶች ነው። እኔ በዚህ አጭር ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ስለ ጦርነት አንዲት ቃል የማይናገር ተረት፣ ጦርነት ባደቀቀው ከተማ በሚኖር ሕፃን እጅ ሲገባ ምን ይሠራል የሚል ነው። ለዚህ ማስረጃ የማገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ከጀርመን ነው። (ዘመናቱ ሁሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዬላ ሌፕማን በ1891 ሽቱትጋርት ከተማ የተወለደች አይሁዳዊት ጋዜጠኛ ነበረች። ባሏ በ1922 ስለሞተ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በብዕሯ ነው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጋዜጣ ሥራዋ ተባረረች፤ በ1936 ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደች። በ1945 መገባደጃ የአሜሪካ ጦር የሴቶችና የልጆች ጉዳይ አማካሪ አድርጎ ሲጠራት፣ ወገኖቿን ወደ ፈጀው አገር መመለሱ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ያስወሰናት የልጆቹ ጉዳይ ነው፤ ሕፃናቱ በአባቶቻቸው በደል ሊጠየቁ አይገባም የሚል እምነት ነበራት።

ጀርመን ስትደርስ ያየችው ግን በቅድሚያ መጽሐፍ የሚያስታውስ አልነበረም። ከተሞቹ ፈርሰዋል፤ ልጆቹ በፍርስራሽ መካከል የሚበላ ይፈልጋሉ። ዳቦ በጠፋበት ስለ ሥዕል መጽሐፍ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ጦርነት ባለበት ሁሉ የሚነሣ ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለኝም። የሌፕማን መልስ፣ እኔ እንደምረዳው፣ ሆድና መንፈስ ተራ አይጠባበቁም የሚል ነበር። በናዚ ዘመን የተማረ ልጅ ስለ ሌላው ሕዝብ የሰማው ጥላቻን ብቻ ነው፤ እህሉ ቢመጣለትም ያ ጥላቻ ከውስጡ አይወጣም። ስለዚህ ለ20 አገሮች ደብዳቤ ጽፋ የልጆች መጻሕፍት በስጦታ እንዲልኩ ለመነች። አብዛኞቹ እሺ አሉ። ቤልጅግ ግን በጀርመን ጦር ሁለት ጊዜ የተወረረች አገር ናትና እምቢ አለች። ሌፕማን እንደገና ጻፈች፤ ሦስተኛ ወረራ እንዳይመጣ ልጆቹን ከአሁኑ መለወጥ ይሻላል ስትል ተከራከረች። በመጨረሻ ከቤልጅግም መጻሕፍት መጡ።

ከ14 አገሮች የተሰበሰቡ ወደ 4,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ጁላይ 3 ቀን 1946 ሙኒክ ከተማ ላይ ለሕዝብ ቀረቡ። ቦታው ሂትለር በ1937 የናዚን ጥበብ ለማሳየት የመረቀው ሕንጻ ነበር። አውደ ርዕዩ ከዚያ በሌሎች ከተሞች ዞሮ በዓመቱ መጨረሻ በርሊን ደረሰ።

የበርሊኑ ታሪክ በተለይ ይስበኛል። መጻሕፍቱ ለማየት እንጂ ለመውሰድ የሚሰጡ አልነበሩም፤ ልጁ አይቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሌፕማን ይህ ስላላስደሰታት የመንሮ ሊፍን «ፈርዲናንድ» በአንድ ሌሊት ወደ ጀርመንኛ ተርጉማ፣ በጋዜጣ ወረቀት 30,000 ቅጂ አሳትማ ለልጆቹ በነጻ አደለች። ለመሆኑ ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ መካከል ይህን ለምን መረጠች?

ታሪኩ ጥቂት ነው። ፈርዲናንድ የስፔን ኮርማ ነው፤ ጓደኞቹ ሲዋጉ እሱ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አበባ ያሸታል። አንድ ቀን ንብ ነድፋው ሲፈነጭ ያዩት ሰዎች ኃይለኛ መስሏቸው ወደ ማድሪድ የኮርማ መፋለሚያ ይወስዱታል። እሱ ግን ከሜዳው መካከል ቁጭ ብሎ የሴቶቹን የራስ አበባ ማሽተት ይጀምራል፤ ቢጨንቃቸው ወደ መስኩ ይመልሱታል። ሊፍ ይህን የጻፈው ለወዳጁ ለሠዓሊው ለሮበርት ሎውሰን የሥዕል መነሻ እንዲሆነው ነበር። መጽሐፉ የወጣው ግን በ1936፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በፈነዳ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሆነ የፍራንኮ መንግሥትም ናዚዎችም ከለከሉት።

ለእኛ አንባቢ የሚናገር እንስሳ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ በእኛ ተረቶች አያ አንበሶና አያ ጅቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፉት በእመት ጦጢት ብልሃት ነው፤ ደካማው ይተርፍ ዘንድ ማታለል አለበት። ፈርዲናንድ ግን ጉልበት እያለው አይወጋም፤ ማንንም አያታልልም፤ ለሌሎቹም ምክር አይሰጥም። የሚድነው የሚጠበቅበትን ባለማድረጉ ነው። ለ12 ዓመታት ሰልፍና ታዛዥነት ሲሰበክበት ለኖረ አገር ልጅ ከዚህ የበለጠ ተስፋ በግብረገብ ትምህርት ሊገኝ ይችል ነበር ብዬ አላምንም።

ከዚህ አንጻር ሁለተኛው መጽሐፍ፣ የኤሪሽ ኬስትነር «የእንስሳት ጉባኤ»፣ የተለየ ነው። ሐሳቡን ያቀረበችለት ራሷ ሌፕማን ናት። ኬስትነር በ1933 መጻሕፍቱ በርሊን ላይ ሲቃጠሉ ቆሞ የተመለከተ ደራሲ ነው። በ1949 በወጣው በዚህ ታሪክ በቻድ ሐይቅ ዳር አንበሳ፣ ዝሆንና ቀጭኔ የሰዎች ስብሰባ ፍሬ ማጣቱ አሳዝኗቸው የራሳቸውን ጉባኤ ይጠራሉ። አይጦች ሰነዱን ይበሉታል፤ ብሎች የደንብ ልብሱን ይጨርሱታል፤ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ልጆቹን ሁሉ ሲደብቁ ገዥዎቹ የሰላም ውል ይፈርማሉ። (በውሉ ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ የላቀ ደመወዝ ለመምህራን ይከፈል የሚል አንቀጽ ስላለበት፣ የዚህ መጽሔት አንባቢ ዝም ብሎ እንደማያልፈው እገምታለሁ።) በበኩሌ ይህ ከ«ፈርዲናንድ» ያነሰ ተረት ይመስለኛል፤ ጭብጡ ከገጸባሕርያቱ ይቀድማልና። ከፍ የሚያደርጉት የዋልተር ትሪየር ሥዕሎች ናቸው። ትሪየር እንደ ሌፕማን በ1936 የተሰደደ አይሁዳዊ ነበር፤ ሥዕሎቹን የሠራው በካናዳ ነው፤ በ1951 እዚያው ዐረፈ።

በ1949 ሌፕማን አውደ ርዕዩን ወደ ቋሚ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ለወጠችው። በ1953 ደግሞ ዓለም አቀፉ የወጣቶች መጻሕፍት ቦርድ በእሷ ጥረት ዙሪክ ላይ ተመሠረተ። በሙኒኩ ቤተ መጻሕፍት ልጆቹ ያነቡ ብቻ ሳይሆን ይሥሉና የውጭ ቋንቋም ይማሩ ነበር፤ በመደርደሪያው የተደረደሩትም አባቶቻቸው የወጓቸው አገሮች መጻሕፍት ነበሩ።