በምላጭ አንገት ላይ ያለ ስም

በመካነ ሰላም ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ የራሴን ሀብት እቆጥራለሁ። ሀብቴ አሥራ አንድ አሮጌ ምላጭ ነው። በየሱቁ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ስሱን ምላጭ ማለቴ አይደለም። እንደ ሰንጢ ታጥፎ በቀንድ እጀታው ውስጥ የሚተኛውን፣ አባቶቻችን በድንጋይ ስለው፣ በቆዳ አለስልሰው ዕድሜ ልካቸውን ይላጩበት የነበረውን ማለቴ ነው። ከደሴ፣ ከአቀስታ፣ ከዚሁ ከቦረና ገበያ፣ ከዛገ ቁልፍና ከተሰበረ መቀስ መካከል አንድ አንድ እያልሁ የለቀምኋቸው ናቸው።

«ምላጭ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የወሎ ሰው ግን ከምላጭ ጋር ያልተገናኘበት የዕድሜ ምዕራፍ የለውም። የሙስሊሙ ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ጠጉሩን ይላጫል፤ የክርስቲያኑ ልጅ ዙሪያው ተላጭቶ ቁንጮ ይተውለታል፤ ልጃገረዷ ሳዱላ ትሆናለች፤ ሐዘን የገባበት ራሱን ይላጫል። ዋግምት በሚደረግበትም ጊዜ ቆዳውን የሚበጣው ምላጭ ነበር። አበው «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

ከአሥራ አንዱ ሰባቱ የባሕር ማዶ ሥራ ናቸው። ምላጭ ከመርፌ፣ ከመስተዋትና ከዶቃ ጋር በምጽዋ በኩል እየገባ በነጋዴ በቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ ከነበረው ሸቀጥ አንዱ ነበር። እነዚህን ሰባቱን ማጽዳት እንደ ንባብ ነው። ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድራቸዋለሁ፤ ጠዋት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልሁ ዝገቱን አነሣለሁ። ያኔ ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት በአንገቱ ላይ ፊደል ብቅ ይላል። አንዱ «ሸፊልድ» ይላል፤ ከአጠገቡ ዘውድ፣ በዘውዱ ግራና ቀኝ የንግሥት ቪክቶሪያ የስም ምልክት አለ። እንግዲህ ንግሥቲቱ ከነገሠችበት ከ1837 እስከ ሞተችበት እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ መሆን አለበት። የአገር ስም «ኢንግላንድ» ግን አልተጻፈበትም። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ካዘዘ ወዲህ የአገር ስም በምላጮች ላይ ተለመደ፤ ስለዚህ የኔው ከዚያ በፊት የተሠራ ይመስለኛል። በሌላው ላይ «ዞሊንገን» የሚል አለ፤ የጀርመን የስለት ከተማ ናት። ከዚያች ከተማ ቤቶች የአንዱ የመንትዮች ምልክት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1731 ነው፤ የከተማዋ ስም ራሱም እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ ተጠብቋል። ሸፊልድም ብትሆን ስለት ሠሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ1624 በሕግ ማኅበር አቁመው የየባለሙያውን ምልክት ይመዘግቡ ነበር። አንድ የተፋቀ ፊደል ይዞ ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል ማለት ነው።

የቀሩት አራቱ የአገራችን ሥራ ናቸው። አንገታቸውን ስንት ጊዜ በማጉያ መስተዋት አየሁት። ምንም የለበትም። በአንደኛው ጎን ላይ የአሮጌ ሞረድ ጥርስ ደብዝዞ ይታያል፤ ሠሪው ሞረዱ አረብ ብረት መሆኑን አውቆ፣ በወናፍ አግሎ፣ በመዶሻ አሳስቶ፣ ውሃ አጠጥቶ ምላጭ አድርጎታል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ስሙን መቅረጽ አቅቶት አይመስለኝም። ቀን ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምላጩን የሚያሠራው መንደር ማታ «ቡዳ ነው» እያለ ልጁን የሚሸሽግበት ሰው፣ ስሙን በዕቃው ላይ ቢጽፍ ማን ይገዛው ነበር? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው የሚሰድብ እንደሚቀጣ ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው!

ከእኛ ወደ ሰሜን፣ መቅደላ አምባ ላይ፣ ሴባስቶፖል ዛሬም ተጋድሞ አለ። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት እ.ኤ.አ. በ1867 የተሠራው ይህ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በብዙ መቶ ሰው ጉልበት ወራት ፈጅቶ ተጎትቶ ነው እዚያ የደረሰው። ማን ሠራው ሲባል ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ሞሪትዝ ሆል፣ ቡርጎ እንላለን። ዋልድማየርማ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳትሟል። ወናፉን የነፉት፣ ከሰሉን ያከሰሉት የአገር ልጆች ግን በጅምላ «ሠራተኞች» ናቸው። መቅደላን ካነሣሁ አይቀር፣ አማርኛችን የጠመንጃ መሳቢያንም ምላጭ ይለዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ያን ምላጭ የሳቡበት ሽጉጥ ከእንግሊዝ የተላከላቸው ስጦታ ነበር፤ በላዩም የንግሥት ቪክቶሪያ ስም ተቀርጾበት ነበር። ማታ ማታ የምወለውለው የሸፊልዱ ምላጭ ላይ ያለው ስምም የእርሷው ነው።

ሆኖም ፍርዴ እንዳያዘነብል አንድ ነገር ልጨምር። በሸፊልዱ ምላጭ ላይ ያለው የንግሥቲቱና የባለ ፋብሪካው ስም እንጂ የሞራጁ አይደለም። የዚያች ከተማ ስለት ሞራጆች ከድንጋዩ የሚቦነውን አቧራ እየማጉ ሳንባቸው ይደርቅ ነበር፤ በደረቅ ድንጋይ ከሚሠሩት መካከል አርባ ዓመት የሚሞላው ጥቂት እንደነበር የዘመኑ ሐኪሞች ጽፈዋል። ስማቸው በምላጩ ላይ የለም። እንዲያም ሆኖ ልዩነት አለው፤ እነርሱን ሐኪም ቆጥሯቸዋል።

የነዚህ ምላጮች ዘመን ያበቃው ቀስ በቀስ ነው። ጂሌት ተነቃይ ስለት ያለውን መላጫ እ.ኤ.አ. በ1903 ለገበያ ሲያወጣ በመጀመሪያው ዓመት የሸጠው 51 መላጫና 168 ስለት ብቻ ነበር። በኋላ ግን ዓለምን አዳረሰ። እኛም ዘንድ ኤች አይ ቪ መጣና አንድ ምላጭ ለመንደር የሚሆንበት ልማድ፣ ደግሞም በትክክል፣ ተወገዘ።

የመጀመሪያውን የአገር ምላጭ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ቸኩዬ በኤሌክትሪክ መሞረጃ ላይ አስጠጋሁት፤ ጫፉ ሰማያዊ ሆነ፤ የጠጣው ውሃ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስሎ የማይቆርጥ ቆርቆሮ ሆኖ ቀረ። አሁንም አልጣልሁትም።

ባለፈው ክረምት አንዱን ይዤ በወጣትነታቸው የጎረቤቱን ራስ ይላጩ ወደነበሩ አንድ አዛውንት ሄድሁ። ምላጩን ተቀብለው አገላበጡት፤ አውራ ጣታቸውን በስለቱ ላይ አሻገሩ።

«ይህን የሠራውን እጅ አውቀዋለሁ፤ አንገቱን እንዲህ ማጉበጥ የእርሱ ዐመል ነው» አሉኝ።

«ስሙ ማን ይባል ነበር፣ አባቴ?»

ብዙ ቆዩ። «ባለእጁ ነበር የምንለው» አሉ በመጨረሻ። «የኔንም የሠራልኝ እርሱ ነው። አንድ ቁና ገብስ ሰጥቼዋለሁ።»