የቀለበት ጥልፍልፍ ጌጥ

ትንንሽ የሽቦ ቀለበቶችን አንዱን በሌላው ውስጥ በማሳለፍ የሚሠራ የአንገት ወይም የእጅ ጌጥ። ስልቱ የጦር ልብስ ከነበረው ከጥሩር የወረደ ነው፤ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ቀለበት አራት ጎረቤቶቹን ይይዛል። ባለቀለም የአሉሚኒየም ቀለበት አዲስ ቢሆንም ሙያው ለጣና ዳርቻ ባዕድ አይደለም። የጎጃምና የጎንደር አንጥረኛ ለድሪ ብር ያቀልጣል፣ ሽቦ ይስባል፣ በዘንግ ጠምጥሞ ቀለበት ይቆርጣል። የጥልፍልፉም ሥራ የሚጀምረው በዚሁ ቀለበት መቁረጥ ነው።

«ድሪ በእሳት ይበየዳል፤ ይህ ግን በጉጠት ብቻ ይገጠማል» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ባለቀለም አሉሚኒየም እሳት አይችልም፦ በአሲድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ፊቱ ላይ ቀዳዳማ ሽፋን ይፈጠራል፣ ማቅለሚያውም እዚያ ይሰርጋል፤ ብየዳ ያበላሸዋል። ስለዚህ ጥንካሬው ሁሉ በልኬትና በመጋጠሚያ ላይ ያርፋል። ለአራቱ ጎረቤቶች ቦታ እንዲኖር የቀለበቱ የውስጥ ስፋት ቢያንስ የሽቦው ውፍረት ሦስት እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ይህ የእጅ ጥበብን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

«ብረቱ ከውጭ የመጣ ነው» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ደካማ ነው። አባቶቻችን ለጌጥ ያቀለጡት የማርያ ቴሬዛ ብርም የኦስትሪያ ገንዘብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1780 ዓመት የታተመበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። ጌጡን አገርኛ ያደረገው የአንጥረኛው እጅ ነው።

ገዢ በመጋጠሚያው ላይ ጥፍሩን ያሳልፍ፤ ጥፍር የሚይዝ ቀለበት በደንብ አልተዘጋም።