የሚፈላ ውሃ ታሪክ፤ ከማንሃይም እስከ ደጀን

በዚህ ገጽ ስለ ግጥምና ስለ ልብ ወለድ ስናወጋ ቆይተናል። ዛሬ ግን ይቅርታችሁን ለምኜ ስለ አንድ ራዲያተር ክዳን ላወጋችሁ ተነሥቻለሁ። ነገሩ ከሥነ ጽሑፍ የራቀ ቢመስልም እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ ያን ያህል ሩቅ አለመሆኑን ታዩታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ቀኑን ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ፣ ሌሊቱን ስንኝ እየቆጠርሁ የምኖር ሰው ነኝ። አባታችን ሲያርፍ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረች፣ ነጭ ቀለሟ የደበዘዘ፣ የጃፓን ሥሪት ፒክአፕ ትቶልናል። በሕይወት ሳለ በየዳገቱ ጥግ ይዞ ያሳርፋት ነበር፤ እኛም ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠን በዘገምተኛነቱ እንስቅበት ነበር። ወንድሜ መተሐራ ለሥራ በቆየበት ጊዜ መኪናዋን ጥቂት ወራት ነዳትና መለሰልኝ። በሳምንቱ እንጦጦን አልፌ ወደ ሱሉልታ ስወጣ የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ ተጠጋ፤ ከኮፈኑ ሥርም እንፋሎት ተነፈሰ። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ወንድሜን፣ «የአባታችንን ንብረት ውሃ ሳታይ ነድተህ አቃጠልኸው» አልሁት። «እኔ ዘንድ አንድ ቀንም አልፈላችም» አለኝ። ውሸታም አልሁት። ከዚያች ቀን በኋላ ለሁለት ወር ያህል አልተነጋገርንም።

አንድ ጋራዥም ኮፈኑን ከፍቶ በወጉ ሳይመረምር፣ «ቴስታታው ተጣሟል፤ ሞተሩ መውረድ አለበት» ብሎ የነገረኝ ዋጋ የወራት ደመወዜን የሚውጥ ነበር። እኔ ግን ያዘንሁት ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ ፍርዱ በወንድሜ ላይ የሰጠሁትን ፍርድ ያጸደቀልኝ መስሎኝ በውስጤ ክፉ እርካታ ተሰምቶኝ ነበር። ይህንን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ እውነት ስለ ሆነ ግን እጽፈዋለሁ።

ከዚህ ላይ ወሬዬን ላቋርጥና ወደ ታሪኩ ልግባ። የሞተር መፍላት ከሞተሩ ጋር አብሮ የተወለደ ችግር ነው። ነዳጅ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት በግምት ሲሶው ብቻ መኪናን ወደ መግፋት ሥራ ይለወጣል፤ የቀረው በጭስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል መውጣት አለበት። መውጫ ያጣ እንደ ሆነ ብረቱ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይበላሻል፣ ሞተሩም ይነክሳል። እንግዲህ የአውቶሞቢል ታሪክ የፍጥነት ታሪክ ነው ቢባልም፣ ከሥሩ ሲታይ ሙቀትን የማስወጣት ታሪክ ነው።

በ1888 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር በርታ ቤንዝ የተባለች ጀርመናዊት ባለቤቷ ካርል የሠራውን ባለሦስት እግር መኪና፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ነዳች። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዘመኑ የነዳጅ ማደያ ስላልነበረ በቪስሎህ ከተማ ከመድኃኒት ቤት ነዳጅ ገዛች፤ የተደፈነውን የነዳጅ ቧንቧ በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተች፤ ዳገቱ ሲበረታ ልጆቿ ወርደው ገፉ። ለእኛ ወሬ የሚጠቅመው ግን ውሃው ነው። የዚያች መኪና ማቀዝቀዣ ውሃውን እያፈላ በእንፋሎት የሚያስወጣ ስለ ነበር፣ በየመንገዱ ውሃ እየለመኑ መሙላት ግድ ነበር። የመጀመሪያው ረጅም የአውቶሞቢል ጉዞ፣ እንግዲህ፣ ከጥማት ጋር የተደረገ ጉዞ ነበር ማለት ነው።

ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ቪልሄልም ማይባኽ ለመጀመሪያዋ ሜርሴዲስ 8,070 ትንንሽ ቱቦዎችን እንደ ማር እንጀራ ደርድሮ ራዲያተር ሠራ፤ ነፋስ በቱቦዎቹ መካከል እያለፈ ውሃውን ያበርደው ጀመር። አሜሪካዊው ሄንሪ ፎርድ ደግሞ ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. ከ15 ሚሊዮን በላይ የሠራት ሞዴል ቲ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሺዎች በቀር፣ የውሃ ፓምፕ እንኳ አልነበራትም። የሞቀ ውሃ ይቀልላልና ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይከብዳልና ይወርዳል፤ ያ ብቻ ይበቃት ነበር።

ወደ አገራችን አውቶሞቢል የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ግድም ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ ሲድሌይ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ያንን ጉዞ ሳስበው የሚመጣብኝ የንጉሡ መደነቅ ሳይሆን የራዲያተሩ ውሃ ነው። ምክንያቱም ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ወደ ሰማይ በቀረብን መጠን አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ በሳሳ መጠን ውሃው ትዕግሥቱን ያጣል።

ለዚህ መድኃኒቱ የተገኘው ከአውቶሞቢል በፊት ነበር። ዴኒ ፓፐን የተባለ ፈረንሳዊ በ1679 እ.ኤ.አ. ሎንዶን ውስጥ አጥንት ሳይቀር የሚያበስል፣ በጥብቅ የሚከደን ድስት አሳየ። እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ውሃው የሚፈላበት ዲግሪ ከፍ ይላል። ድስቱ እንዳይፈነዳም ግፊቱ ሲያልፍ የሚከፈት ማስተንፈሻ አበጀለት። ዛሬ በየራዲያተሩ አናት ላይ የምናያት ክብ ክዳን የዚያ ድስት የልጅ ልጅ ናት። በውስጧ ስፕሪንግና የጎማ ቀለበት አላት። በደህናው ጊዜ በደጀን ከፍታ እንኳ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ እንዳይፈላ ይዛ ታቆየዋለች። ቀለበቷ ከተሰነጠቀ ግን ክዳን መሆኗ ቀርቶ ጌጥ ትሆናለች።

አሁን ወደ ወሬዬ ልመለስ። የአክስታችን ተዝካር ደርሶ እህልና ዕቃ መጫን ስለ ነበረብኝ፣ ራዲያተሩን ሞልቼ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃም ደርቤ፣ እግዜር ያውቃል ብዬ ወደ ጎጃም ተነሣሁ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረድሁ፤ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ በጃፓን መኪና ተሻገርሁ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው አቀበት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። ግማሹን በሰላም ወጣሁ። ደጀን ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ ቀስቱ ተነሣ፤ እንፋሎቱም ተከተለ።

መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረች። በንዴት ኮፈኑን ከፍቼ ክዳኑን ልይዝ ስል፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከጥላው ሥር ጮኹብኝ። «ልጄ፣ እጅህን አንሣ! ፊትህን ልትቀቅል ነው?» ዝም ብዬ ቆምሁ። «ሞተሩ ይረፍ፤ አንተም እረፍ» ብለው በርጩማ ሰጡኝ። ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ተቀመጥን። በዚያ መካከል ጋራዡ ይሉኛል ያልሁትን ሁሉ አስቀድሜ ነገርኋቸው፤ «ጋሼ፣ ቴስታታው ነው፤ ወንድሜ አቃጥሎታል» አልሁ። እሳቸውም፣ «የፈረድኸውማ ፈርደሃል፤ ምስክሮቹን ግን ሰምተሃል?» አሉኝ።

ከዚያ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ጠሩ። መጀመሪያ የዘይቱን መለኪያ መዝዘው አዩ፤ ቀጥሎ የዘይቱን መሙያ ክዳን ገለበጡ። ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውሃና ዘይት ቢቀላቀሉ ኖሮ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስል ነበር፤ እሱ ግን ጥቁርና ንጹሕ ነው። መኪናዋ ከበረደች በኋላ ራዲያተሩን ክፍት አድርገው ሞተሩን አስነሡና ውሃውን አተኩረው ተመለከቱ። አረፋ አልታየበትም፤ ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ አልወጣም። ቺንጋውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ልኩ ነው። ፋኑ ይዞራል። የራዲያተሩ ፊት በገለባ አልተደፈነም። ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛውንና የታችኛውን የውሃ ጎማ በየተራ ዳበሱ፤ ሁለቱም ሞቁ፤ ተርሞስታቱ ይከፈታል ማለት ነው። በመጨረሻ ክዳኑን ገጥመው፣ ሞተሩን በደንብ አሙቀው የላይኛውን ጎማ በጨርቅ ጨበጡት። «ና ጨብጠው» አሉኝ። እንደ በሰለ ሙዝ ይለሰልሳል። «ቴስታታ ቢሆን ኖሮ ይህ ጎማ እንደ ድንጋይ ይጠነክር ነበር። ይህቺ መኪና የምትታመመው ግፊት በዝቶባት አይደለም፤ ግፊት አጥታ ነው።»

ሞተሩ ዳግም ሲበርድ ክዳኑን ገልብጠው አሳዩኝ። የጎማ ቀለበቱ ጠርዙ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ከቆርቆሮ ሣጥናቸው ልኩ የሆነ ሌላ ክዳን አውጥተው ገጠሙ። የጠየቁኝ ዋጋ አሳፈረኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚያ ሽማግሌ ሲሠሩ ጆሮዬ ሌላ ነገርም ይሰማ ነበር። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ... ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ብዙ ደም አፍስሶ ሄደ፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን ቀረ። አርበኞች ያባረሩትን ወራሪ ቃል መካኒኮች ማርከው አስቀሩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የእነዚህን ቃላት ጉዞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋልና ለሌላ ቀን ላቆየው።

በርጩማው ላይ ሳለሁ ግን የከነከነኝ ሌላ ነበር። ወንድሜ እውነቱን ነው። መተሐራ ከባሕር ወለል ወደ 950 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሜዳ ነው፤ እዚያ ክዳን ባይኖርም ውሃ ከ96 ዲግሪ በታች አይፈላም። ሜዳው ደግሞ ሞተሩን አያስጨንቀውም። እንጦጦ ላይ ግን ውሃው ከ92 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ሞተሩም በዳገት ይቃጠላል። ያው መኪና፣ ያው ክዳን፣ ሁለት ከፍታ። እሱ ያላየውን እኔ አየሁ፤ ሁለታችንም አልዋሸንም። አባታችንም በየዳገቱ የሚያርፈው ዘገምተኛ ስለ ነበር አይደለም፤ ቀስቱን ስለሚያይ ነው።

ይበልጥ የሚያሳፍረው፣ ይህ ጥበብ የእንጀራዬ ጥበብ መሆኑ ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ገንዘብ ቢጎድል፣ ገንዘብ ያዡ ሰረቀ ብለን አንጀምርም። ልዩነቱን ለዘጠኝ እናካፍላለን፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን፤ 54 ሊጻፍ 45 እንደ መጻፍ ማለት ነው። ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከስሕተቱ ወደ ወንጀሉ እንሄዳለን። ለማላውቀው ሰው ብር ይህን ያህል ስጠነቀቅ፣ ለእናቴ ልጅ ግን ከወንጀሉ ጀመርሁ። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ያሉት አበው ለካ እኔን ነው።

ደጀን ከተማ ገብቼ ስልኬን አወጣሁ። ወንድሜ አነሣው፤ ግን አልተናገረም። «ክዳኑ ነው» አልሁት። ብዙ ዝም አለ። ቀጥሎም፣ «የምኑ?» አለኝ። «የሁለታችንም» ልለው ፈልጌ ነበር፤ አፌ አልታዘዘልኝም። «የራዲያተሩ። አንተ ትክክል ነበርህ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ለተዝካሩ በማግሥቱ በአውቶቡስ መጣ። ስንመለስ እሱ ነዳ፤ ከድልድዩ እስከ ጎሃ ጽዮን ያለውን አቀበት ቀስቱ ከመካከል ሳይነቃነቅ ወጣነው። ዳገቱ መካከል ላይ ግን ማንም ሳይጠይቀው ጥግ ይዞ ቆመ። ወርደን ሸለቆውን እያየን ጥቂት አረፍን፤ ማንም አልሳቀ።

ከዚያ በኋላ የጫርኋትን አነስተኛ ግጥም ለመሰናበቻ ትሁነን፤

ዳገቱ ሲበረታ ውሃው ቶሎ ፈላ፣
እኔም በወንድሜ ነደድሁ በመላ፤
ሞተር ይፈታ አልሁ፣ ዝምድናም ይፈታ፣
ጥፋቱ ሳለ ግን ከክዳኑ ቦታ፤
ለብረቱስ ክዳን ሞልቷል በየሱቁ፣
ለአፍ የሚሆነውን ወዴት ይጠይቁ?

ቸር ያሰንብተን።