ኤን-95 የአፍና የአፍንጫ ጭንብል፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ 2012 ዓ.ም.
የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀበት ዘመን፣ ሐኪሞችና አስታማሚዎች አንድ ጊዜ አጥልቀው እንዲጥሉት የተሠራው ይህን የመሰለ ጭንብል ከገበያ በጠፋ ጊዜ፣ በ1929 እ.ኤ.አ. በዚህችው በኮሎምበስ ከተማ ሥራውን የጀመረው የባቴል መታሰቢያ ተቋም፣ ያገለገለውን አንጽቶ ወደ ሥራው የሚመልስበትን ዘዴ አቀረበ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰጠው።

ጭንብሎቹ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በመደርደሪያ ላይ ተደርድረው ሳሉ፣ የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተን በቤተ መቅደስ እንደሚናኝ የዕጣን ጢስ በየስፌቱና በየእጥፋቱ ለ2 ሰዓት ተኩል ያህል ሰርጾ፣ በገጻቸው ላይ ያደሩትን ረቂቃን ተሕዋስያን ይገድል ነበር፤ ኋላም ራሱ ወደ ውኃና ወደ ኦክሲጅን ተለውጦ ይጠፋ ነበር። ተራ አልኮል ቢሆን ኖሮ፣ ረቂቁን ብናኝ ስቦ የሚይዘውን፣ በመካከለኛው ሽፋን የታመቀውን የኤሌክትሪክ ኃይል ባጠፋው ነበር፤ የዘዴው ብልኃት ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ይመስለናል።

ሆስፒታሎች የየራሳቸውን ምልክት በማይለቅ ቀለም በጭንብሉ ላይ ይጽፉ ነበር። ደም ወይም የከንፈር ቅባት የነካው ተመርጦ ይወገድ ነበር፤ የቀረው ግን በመጀመሪያው ፈቃድ መሠረት እስከ 20 ጊዜ ድረስ እንዲነጻ ተፈቅዶ ነበር።