ፈቃድና ዝምታ፦ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች እና የሕገ መንግሥት ትርጉም በኢትዮጵያ

ሕግን ለመረዳት ቃሉ ብቻ ይበቃልን? ወይስ ያወጡትን ሰዎች ሐሳብ፣ የወጣበትን ዓላማና ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ዘመን ጭምር መመርመር ይገባል? በአሜሪካ የሕግ ሊቃውንት አንደኛው ወገን ሕገ መንግሥት በጸደቀበት ዘመን ሕዝብ በተረዳው ትርጉም ሊጸና ይገባል ሲል፣ ሌላኛው ከኅብረተሰቡ ጋር አብሮ የሚያድግ ሕያው ሰነድ ነው ይላል። ለኡሱሉል ፊቅህ ተማሪ ክርክሩ እንግዳ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸው ዐስርን በበኒ ቁረይዟ ሰፈር እንጂ እንዳይሰግዱ ባዘዙ ጊዜ፣ ከፊሎቹ ቃሉን ይዘው ሶላቱን እስከሚደርሱ አዘገዩ፤ ከፊሎቹ ደግሞ የትእዛዙ ዓላማ መፍጠን ነው ብለው በመንገድ ላይ ሰገዱ። ነቢዩም ከሁለቱ አንዱንም ወገን አልወቀሱም። ከዘመናት በኋላ ኢብን ሐዝም የቃሉን ግልጽ ትርጉም፣ አሽ-ሻጢቢ ደግሞ የሸሪዓን ዓላማዎች መሠረት አድርገው የየራሳቸውን መንገድ አጽንተዋል።

በሀገራችን ይህ ክርክር ከመጽሐፍ ወጥቶ በሰዎች ትዳርና ውርስ ላይ የተፈተነው በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ታሪክ ውስጥ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1934 ዓ.ም. ለእነዚህ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ መሠረት ሰጠ፤ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 62 የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የቀለብ፣ የወቅፍና የውርስ ጉዳዮች በሥልጣናቸው ሥር ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 3347 በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩትን የጽሑፍና የልማድ ደንቦች ሻረ። ጋብቻም ውርስም በሕጉ የተሸፈኑ ናቸውና፣ ቃሉን ብቻ ለሚያነብ ሰው ቃዲዎቹ የሚፈርዱበት ሕግ አልቀረላቸውም ማለት ነው። ሆኖም ችሎቶቹ አልተዘጉም። ያቋቋማቸው አዋጅ በስሙ ተጠቅሶ ስላልተሻረ ሕግ አውጪው ሊያጠፋቸው አላሰበም ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። ጽሑፉ ሲከለክል ልማዱ ፈቀደ። ነገር ግን በልማድ የቆመ መብት በባለሥልጣን በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት ሙስሊሞች ካነሷቸው ጥያቄዎች መካከል የእነዚህ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ መገኘቱ የዚህን ዋስትና ማጣት ያሳያል።

ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት ጉዳዩን በሁለት ቦታ ይነካል። አንቀጽ 34(5) በግልና በቤተሰብ ሕግ ረገድ የሚነሡ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች መዳኘት እንደሚችሉ ይፈቅዳል፤ ዝርዝሩንም ለሕግ ይተዋል። አንቀጽ 78(5) ደግሞ ቀድሞ በመንግሥት ታውቀው ይሠሩ የነበሩ የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ሕገ መንግሥቱ በሚሰጣቸው እውቅና መሠረት እንዲደራጁ ያዛል። በዚህ መነሻ አዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት እርከን አደራጀ።

ፈተናው ብዙም ሳይዘገይ መጣ። በአንድ የውርስ ክርክር የተከሰሰች ሙስሊም ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት እንደማትፈልግ አስታወቀች። ችሎቱ ግን ክርክሩን ቀጠለ፤ በየእርከኑ ያቀረበችው ይግባኝም ሆነ የሰበር አቤቱታዋ አልተሳካም። በመጨረሻ ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ወደ ተሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በግንቦት 1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተካሄደው ዳኝነት ከአንቀጽ 34(5) ጋር እንደሚጋጭ ወሰነ።

ይህን ውሳኔ በየትኛውም የትርጉም መንገድ መደገፍ ይቻላል። ቃሉን የሚይዝ ሰው አንቀጹ የሚናገረው ስለ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ስለሆነ የአንዳቸው እምቢታ በቂ ነው ይላል። አንቀጽ 78(5) የነበሩትን ፍርድ ቤቶች እንደነበሩ አጽድቋል ለሚል ሰውም፣ አንቀጹ ራሱ እውቅናውን ወደ ሕገ መንግሥቱ እንደሚመልሰው ያሳየዋል። ዓላማውን የሚመረምር ሰው በሃይማኖት ጉዳይ ማስገደድን የሚከለክለውን አንቀጽ 27(3) ይጠቅሳል። ታሪኩን የሚያይ ደግሞ ፍርድ ቤቶቹ እውቅና ሲያገኙ የፈቃድ ቅድመ ሁኔታም አብሮ መጻፉን ልብ ይላል፤ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መተው አይቻልም።

መንገዶቹ የሚለያዩት ዝምታ ላይ ሲደርሱ ነው። አዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ተከሳሽ እንደፈቀደ ይቆጥረዋል። ቃሉን የሚከተል ተርጓሚ፣ ሕገ መንግሥቱ ፈቃድ የሚገለጥበትን መንገድ ስላልወሰነና ዝርዝሩን ለሕግ ስለተወ ድንጋጌው ጸንቶ ይቆማል ሊል ይችላል። ዓላማውን የሚያይ ግን መጥሪያውን ማንበብ የማትችለውን፣ ወይም ዘመዶቿን ፈርታ ከቤት ያልወጣችውን ሴት ያስባል።

በዚህ ነጥብ ላይ የራሳችን ሊቃውንት የሚሉት አላቸው። ከኢማም አሽ-ሻፊዒይ የሚተላለፈው መርሕ ዝም ላለ ሰው ንግግር አይጠጋበትም የሚል ነው። ፉቀሃእ ለዚህ መርሕ የሚያስቀምጡት ልዩ ሁኔታ መናገር በሚያስፈልግበት ስፍራ ዝም ማለትን ነው፤ ስለ ኒካሕ የተጠየቀች ልጃገረድ ዝምታ እንደ ፈቃድ የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ነገር ግን እርሷ ተጠይቃለች፤ ዝምታዋን የሚያስረዳ ሐያእም አለ። ከችሎት የቀረ ሰው ዝምታ እንዲህ ያለ ማስረጃ የለውም፤ መቅረቱ ከመፍቀድ ይልቅ እምቢታን፣ ሕመምን ወይም አለማወቅን ሊያመለክት ይችላል። በመደበኛ ፍርድ ቤት ተከሳሽ በሌለበት ክርክር ይሰማል ቢባልም፣ የዚያ ፍርድ ቤት ሥልጣን ከመጀመሪያው በተከሳሹ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ስለዚህ ተከሳሹ በግልጽ ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ቢመራ ለሕገ መንግሥቱም ለፊቅሁም የቀረበ ይሆናል።

ይህ ፍርድ ቤቶቻችንን ያዳክማል የሚል ስጋት ሊነሣ ይችላል፤ ስጋቱም ከ1952 እስከ 1987 ዓ.ም. ያለ ጽኑ ዋስትና ከቆየ ተቋም ታሪክ የመጣ በመሆኑ ሊናቅ አይገባም። በመጥሪያ ማምለጥ የሚፈልግ ተከሳሽም ከሳሹን ሊያንገላታ ይችላል። ይሁንና ከሳሹ መብቱን የሚጠይቅበት መደበኛ ችሎት አያጣም፤ ሳትፈቅድ የተፈረደባት ሴት ግን የምታጣው ምርጫዋን ራሱን ነው። ለቃዲው ችሎት ክብር የሚሆነውም ባለጉዳዮቹ አውቀውና ወደው የመጡለት መሆኑ ነው።