ከዜማ ምልክት እስከ ማክሮ፦ የኮርድ ወረቀት ረጅም መንገድ

ኤ7 ብላችሁ ጻፉና ለጊታር ተጫዋች አሳዩት፤ ጣቶቹ ወደ ክሩ ይሄዳሉ። ለሒሳብ ሠራተኛ አሳዩት፤ ዓይኑ የኤክሴል የመጀመሪያው አምድ ሰባተኛ ረድፍ ላይ ያርፋል። ሲ9፣ ዲ7፣ ጂ6፣ ኢ7ም እንደዚያው ናቸው፤ ኮርድም ናቸው፣ የሴል አድራሻም ናቸው። አጋጣሚ ነው እንጂ ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም። ሆኖም በሰንጠረዥ ፕሮግራም የዘፈን ኮርድ ሊያዘጋጅ የተቀመጠ ሙዚቀኛ ገና ሲጀምር የሚጋፈጠው ይህንኑ ነው፤ ፎርሙላው ውስጥ ኮርዱን በትእምርተ ጥቅስ ካላጠረው ማሽኑ ሙዚቃውን ትቶ ወደ ሴሉ ይሮጣል።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ የሙዚቃ ፕሮግራሞች ሞልተው ሳለ ሰው ለምን በኤክሴል ይደክማል? መልሱ ቀላል ነው። ቀን ቀን ቢሮ የሚውል፣ ማታ ማታ ከባንድ ወይም ከመዘምራን ጋር የሚለማመድ ሰው እጁ ላይ ያለው ኤክሴል ነው። ችግሩም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዘፈኑ አይለወጥም፣ ድምፃዊው ግን ይለወጣል። ትናንት በሲ የተዘፈነው ዛሬ ለሌላ ጉሮሮ በኤፍ ይፈለጋል። ኪቦርድ ተጫዋቹ የትራንስፖዝ ቁልፉን ተጭኖ ይገላገላል፤ ቤዝ ጊታር የያዘው ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም፣ አዲስ ወረቀት ይፈልጋል።

የኮርድ ወረቀትን ታሪክ ወደ ኋላ የተከታተለ ሰው ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሲፈራረቁ ያያል፤ አንደኛው የድምፁን ስም ይጽፋል፣ ሁለተኛው ርቀቱን። ስም ለማንበብ ይቀላል፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቸነክራል። ርቀት ማሰብን ይጠይቃል፣ ግን ዘፈኑን ወደ ፈለጉበት ይዞ ይሄዳል።

በእኛ አገር ከግጥም በላይ ምልክት መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። የዜማው መሠረት በስድስተኛው መቶ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፤ ድጓው ላይ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚሰፈሩት ምልክቶች ግን በትውፊት የሚነገሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ በነበሩት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ስም ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥ የድምፁን አካሄድ ያሳያሉ፤ ከእነሱ ጋር ያሉት የፊደል ምልክቶች ደግሞ መሪጌታው ቀድሞ በቃሉ የያዘውን ዜማ ያስታውሱታል። አንዳቸውም “ከዚህ ድምፅ ጀምር” አይሉም። ሁሉም ድምፁ ከሚፈቅድለት ቦታ ይነሣል። ክራር ደርዳሪውም ቢሆን መሣሪያውን የሚቃኘው ለዘፋኙ ነው። ኪይ መቀየር የሚባለው ጣጣ የመጣው ቋሚ ድምፅ ካላቸው መሣሪያዎች ጋር ነው።

አውሮፓ ይህ ጣጣ ቀደም ብሎ ደርሶባታል። በ1600 ሮም ውስጥ የታተመው የካቫሊየሪ መንፈሳዊ ድርሰት የባስ መስመሩ ላይ ቁጥር ይዘው ከወጡ የመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች አንዱ ነው፤ ቁጥሩ ከባሱ በላይ ያለውን ርቀት ይናገራል፣ የቀረውን ኦርጋን ተጫዋቹ በራሱ ይሞላዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀርመናዊው ጎትፍሪድ ቬበር ኮርዶቹን ከስኬሉ መነሻ በሚቆጠር የሮማ ቁጥር መጻፍን አስፋፋ። ይሄኛው የትምህርት ቤት ሰዎች መሣሪያ ሆኖ ቀረ። ገበያው የመረጠው ስምን ነበር። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኡኩሌሌ ፋሽን ሲሆን የሙዚቃ አሳታሚዎች ከግጥሙ በላይ ትንንሽ የጣት ሥዕል፣ ቀጥሎም የኮርድ ስም ማተም ያዙ። ኖታ የማያነብም ሰው ተጫዋች ሆነ።

1942 ላይ ጆርጅ ጉድዊን የተባለ የኒውዮርክ ሰው ቱን-ዴክስ ያለውን ካርድ ማሳተም ጀመረ። ካርዱ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ካርድ ያህላል፤ በፊቱ ዜማው፣ ግጥሙና ኮርዱ፣ በጀርባው የባለመብቱ ስምና የፈቃድ መረጃ አለ። የተዘጋጀው ለሬዲዮ ጣቢያዎችና የመብት ጉዳይ ለሚከታተሉ ሰዎች ነበር። ምሽት ክበብ ውስጥ የሚሠሩ ሙዚቀኞች ግን ከጀርባው ይልቅ ፊቱን ወደዱት። ዓመታት ሳይቆጠሩ ሕገወጥ አታሚዎች ካርዶቹን በገጽ በገጽ እየደረደሩ ፌክ ቡክ የሚባለውን መጽሐፍ በድብቅ ይሸጡ ጀመር፤ ነገሩ የፌዴራል ምርመራ ቢሮን እስከማስነሣት ደረሰ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ቀደም ብሎ በተማረበት ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች በእጅ ጽፈው ያዘጋጁት ሪል ቡክም ዕድሜውን የኖረው ከጠረጴዛ በታች ነው። በሕጋዊ መንገድ የታተመው በ2004 ነው። እንደ እኔ ለኮርድ ወረቀት ዛሬ የምናውቀውን መልክ የሰጠው የቱን-ዴክስ ካርዱ ጥበት ነው፤ ኦርኬስትራው ሁሉ ወደ አንዲት መዳፍ የምታህል ወረቀት ሲገባ የሚተርፈው ዜማ፣ ቃልና ኮርድ ብቻ ነው።

ርቀት የተመለሰው በአሜሪካዋ ከተማ በናሽቪል በኩል ነው። ከኤልቪስ ፕሪስሊ ጀርባ ይዘፍን የነበረው የጆርደኔርስ ቡድን አባል ኒል ማቲውስ በ1950ዎቹ መጨረሻ የድምፅ ክፍሎቹን በቁጥር ይጽፍ ነበር። የስቱዲዮ ሙዚቀኛው ቻርሊ ማኮይ ይህን አይቶ ወደ መሣሪያ ተጫዋቾቹ አዛመተው። ስቱዲዮው በሰዓት ይከፈልበታል፤ በአንድ ቅጂ ክፍለ ጊዜ ሦስት አራት ዘፈን ማለቅ አለበት፤ ድምፃዊው “ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ” ሲል ወረቀት እንደገና የሚጻፍበት ጊዜ የለም። ስለዚህ 1፣ 4፣ 5 ብቻ ተጻፈ፤ ለማይነር ሰረዝ ታክሎ 6- ሆነ። በሲ ቢሆን ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር ነው፤ በዲ ቢሆን ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ማይነር። ወረቀቱ አንድ ነው።

አሁን ወደ ሒሳብ ሠራተኛው እንመለስ። በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የሰንጠረዥ ፕሮግራም ለአፕል 2 ሲያወጡ ፎርሙላን ከሴል ወደ ሴል የሚያባዛ ትእዛዝ ነበረው፤ ትእዛዙ በእያንዳንዱ አድራሻ ላይ ቆሞ “ይህ ባለበት ይቆይ ወይስ ከቦታው ጋር ይሂድ?” ብሎ ይጠይቃል። ናሽቪል ውስጥ ሃያ ዓመት ቀድሞ የተመለሰው ጥያቄ ይኸው ነው። ቋሚ አድራሻ የኮርድ ስም ነው፤ አንጻራዊ አድራሻ የናሽቪል ቁጥር ነው። ሁለቱ ዓለማት ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ማሰብን ተምረዋል።

በ1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 ማክሮን ለብዙኃኑ አመጣ፤ በእጅ የሚነኩት ቁልፎች ቅደም ተከተል ራሱ ሴል ውስጥ ይጻፍና በአንድ ቁልፍ ይጠራል። ኤክሴል በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ለዊንዶውስ መጣ፤ በ1993 ማክሮ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ቪዥዋል ቤዚክ፣ ተጨመረለት። ድርጊትን እየተከታተለ የሚቀርጸው መቅረጫ ብዙ ሙዚቀኛ የማክሮን በር ያንኳኳበት ነው፤ ግን ካልነገሩት በስተቀር በቋሚ አድራሻ ስለሚቀርጽ፣ ለአንዱ ዘፈን የተሠራው ማክሮ ሌላው ዘፈን ላይ ሲጠራ የተሳሳተ ባር ላይ ይሠራል።

ሰንጠረዡ ለኮርድ የሚስማማው ባር ሴል ስለሚሆን ነው። አሥራ ሁለት ባር ያለው ብሉዝ አራት አምድ በሦስት ረድፍ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ባር ያለው ዘፈን አራት በስምንት። የፈረንሳይ ጂፕሲ ጃዝ ተጫዋቾች ከኮምፒውተር በፊት በካሬ ይጽፉ ነበር፤ አንድ ባር ሁለት ኮርድ ሲይዝ ካሬውን በሰያፍ መስመር ይከፍሉታል። ኤክሴልም የሰያፍ መስመር አለው።

የኪይ ቅያሬው ስሌት ልጅ ይሠራዋል። ሲ 0 ይሁን፣ ዲ 2፣ ኢ 4፣ ኤፍ 5፣ ጂ 7፣ ኤ 9፣ ቢ 11። ኤን በ5 ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርግ፤ 14 ይሆናል፣ ለ12 ተካፍሎ ቀሪው 2፣ ማለትም ዲ። ወደ ታች ሲሄዱ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ከዲ 3 ሲቀነስ ከዜሮ በታች 1 ይመጣል። የሰንጠረዡ የቀሪ ፎርሙላ ይህን 11 ብሎ ቢ ይሰጣል፤ የቪዥዋል ቤዚኩ ግን እንዳለ ከዜሮ በታች 1 ይመልሳል፣ ማክሮውም የሌለ ድምፅ ሲፈልግ ይቆማል። መድኃኒቱ ቀድሞ 12 መደመር ነው።

ችግሩ ያለው ሥርዓተ ጽሕፈቱ ላይ ነው። ከሲ ወደ ኤፍ የሄደ ዘፈን አራተኛው ኮርድ ቢ ፍላት መሆን አለበት፤ የሻርፕ ዝርዝር ብቻ ያለው ማክሮ ኤ ሻርፕ ይላል። በፒያኖ ላይ ያው ቁልፍ ነው፣ አንባቢው ግን ይደናቀፋል። ደህና ማክሮ ሁለት ዝርዝር ይይዛል፤ ለጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢና ቢ የሻርፕ፣ ለኤፍ፣ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላትና መሰሎቹ የፍላት። ማንበቡም ጥንቃቄ ይሻል። ፍላት የሚጻፈው በትንሿ የላቲን ቢ ስለሆነ፣ “ዲ ማይነር 7 ፍላት 5” ውስጥ ያለችውን ቢ የድምፅ ስም ናት ብሎ የሚያነሣት ማክሮ አለ።

ማክሮ ሳይጽፍ በፈልግና-ተካ ብቻ ሊወጣው የሚሞክርም አለ። ሲን በዲ ተካ፣ ከዚያ ዲን በኢ፤ የቀድሞዎቹ ሲዎች ሁሉ ኢ ሆነው ይገኛሉ። ትእዛዙ ካልተነገረው ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ስለማይለይ የሜጀር ምልክቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ኤ ጭምር ይነካል። ኤክሴል ደግሞ የራሱ ግምት አለው። የናሽቪሉ 1/3፣ አንደኛው ኮርድ ሦስተኛው ድምፅ ባስ ላይ ሆኖ ማለት ነው፣ ሴል ውስጥ ሲገባ ቀን ሆኖ ያድራል። ባዮሎጂስቶችን ይኸው ጠባይ ስላስቸገራቸው በ2020 የሰው ጂን ስያሜ ኮሚቴ የወር ስም የሚመስሉ ጂኖችን ስም እስከ መቀየር ሄዷል፤ ሙዚቀኛ ሴሉን አስቀድሞ ጽሑፍ ነው ብሎ ማወጅ ብቻ ይበቃዋል። በቅንፍ የተጻፈ ሲ፣ “ከፈለግህ ሲ ጨምር” ለማለት የታሰበው፣ ወደ ቅጂ መብት ምልክትነት ይለወጣል። የፌክ ቡክን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ያስቃል።

ማክሮን ያዳከመው ግን ሙዚቃ አይደለም። በ1996 የመጀመሪያው የኤክሴል ማክሮ ቫይረስ ላሩ ተሰራጨ፤ በ1999 በወርድ ሰነድ የመጣው ሜሊሳ የኢሜይል ሥርዓቶችን አጨናነቀ። በ2022 ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በወረዱ ፋይሎች ውስጥ ያሉ ማክሮዎችን በነባሪ ቅንብር ማገድ ጀመረ። ለባንድ ጓደኛ በኢሜይል የተላከ የዘፈን ፋይል ከዚያ ወዲህ በቀይ ማስጠንቀቂያ ይከፈታል። ኮርድ ብቻ የሚፈልግ ሰው ማክሮውን ትቶ በፎርሙላ ቢሠራው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሰንጠረዡ የሚደክመው ከግጥም ጋር ነው። ኮርድ የባር ብቻ ሳይሆን የቃልም ነውና። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማርቲን ለክለርና ማሪዮ ዶሪዮን የጻፉት ኮርድ የተባለ ፕሮግራም፣ ኋላ ኮርድፕሮ ለተባለው አጻጻፍ መሠረት የሆነው፣ ኮርዱን በቅንፍ አድርጎ በቃሉ መካከል፣ ድምፁ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ይሰካዋል፤ ሲታተም ወደ ላይ ይወጣል። ኮርዱ ከቃሉ ጋር ስለታሰረ ፊደል ቢቀየር አይንሸራተትም።

ለአማርኛ ዘፈን ግን ሰንጠረዡ ያልታሰበ ጥቅም አለው። የግዕዝ ፊደላት ስፋታቸው ስለሚለያይ በባዶ ቦታ እየገፉ ኮርድ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ አንድ ፊደል በአንድ ሴል፣ ኮርዱ ከላይ ባለው ሴል ሲቀመጥ ግን የትም አይሄድም። ኮርዱ በላቲን፣ ግጥሙ በግዕዝ ስለሆነ ፈልግና-ተካ ግጥሙን አይነካም። ይህ እውነት የሆነው የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ለተጻፈ ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ኮድ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር በእነሱ የተጻፈ መዝሙር ላይ ኪይ የቀየረ ሰው ቃሉንም ይቀይራል።

አንድ ፊደል አንድ ሴል ሲባል ደግሞ ሳድሱ ይመጣል። “መንገድ” አራት ፊደል፣ ሁለት ቀለም ነው፤ ኮርድ ን ወይም ድ ላይ አይወድቅም። ማክሮ ሳድሱን መለየት አይቸግረውም። ዩኒኮድ እያንዳንዱን ቤት በስምንት ቦታ ስለደረደረ፣ ከፊደሉ ኮድ 4608 ቀንሶ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 5 ከሆነ ሳድስ ነው፤ ለኪይ ያገለገለው ያው የቀሪ ስሌት ነው፣ በ12 ፈንታ በ8። ሴሉን ግራጫ ቀለም መቀባት ይቻላል። ግን “ልብስ” ሦስት ሳድስ ሆኖ ድምፅ የሚሸከመው የመጀመሪያው ነው፤ ዘፋኙ ሲያስረዝመው ደግሞ ሌላውም ሊሸከም ይችላል። ይህን ስሌቱ አያውቀውም። ማክሮው ግራጫውን ቀብቶ ይቆማል፣ ኮርዱን የት እንደሚያስቀምጥ የሚወስነው ዘፈኑን የሰማው ሰው ነው።